የቬንዙዌላ ልጆች በቡሄ ምሽት

ነሐሴ 13 ቀን 1999 ዓ.ም. እሑድ፣ ቡሄ ነበር። በፈረንጆቹ ኦገስት 19 ቀን 2007 መሆኑ ነው። ጠዋት ቅዳሴ አስቀደስሁ፤ ከሰዓት በኋላ ለንደን ሮያል አልበርት ሆል ደጃፍ ተሰለፍሁ፤ ማታ ደግሞ የቬንዙዌላው ሲሞን ቦሊቫር የወጣቶች ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ፕሮምስ በተባለው የበጋ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጫወት ቆሜ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁት ሰው ሁሉ የሚያነሣብኝ ሙዚቀኞቹ በመጨረሻ ስለ ለበሷቸው ባለ ባንዲራ ጃኬቶች ነው። ወደ ጃኬቶቹ እመጣለሁ፤ የእኔ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካላልሁ በስተቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ዋጋው ላውራ። ብዙ ወገኖቻችን ይህን አዳራሽ የሚያውቁት በአውቶቡስ መስኮት ነው፤ የሀብታም ቤት ስለሚመስላቸው ደረጃውን አይረግጡትም። በፕሮምስ ሰሞን ግን ከመድረኩ ፊት ለፊት ያለው፣ አሪና የሚባለው ክብ ሜዳ ወንበሩ ተነሥቶ ቆሞ ለሚሰማ ሰው ይለቀቃል። ያን ዓመት የዕለቱ ቲኬት በዕለቱ በር ላይ ይሸጥ ነበር፤ አምስት ፓውንድ ነበር። በጊዜው በእኛ ገንዘብ ዘጠና ብር ገደማ ቢሆን ነው። በዙሪያው ያሉት ጥሩ ጥሩ መቀመጫዎች ብዙ እጥፍ ይከፈልባቸው ነበር፤ ነገር ግን ለሙዚቀኞቹ ቅርብ የሆነው አምስት ፓውንድ የከፈለው ሰው ነበር። ወጉ ከጥንስሱ ጀምሮ የመጣ ነው። ሮበርት ኒውማን የተባለ ሥራ አስኪያጅ ወጣቱን ሄንሪ ዉድን የኦርኬስትራ መሪ አድርጎ ፌስቲቫሉን በ1895 ሲጀምር፣ ሐሳቡ ኪሱ ያልሞላ ሰውም ትልቁን ሙዚቃ እንዲሰማ ነበር። የመጀመሪያው አዳራሽ በ1941 በጀርመን ቦምብ ሲጋይ ወደዚህኛው ተዛወሩ።

እኔ የሌሊት ሹፌር ነኝ። ፕሮምስን ለዓመታት የሰማሁት የመኪናዬን መሪ እንደያዝሁ በቢቢሲ ሬዲዮ 3 ነው፤ ሁሉንም በቀጥታ ያስተላልፋሉ። ወደ አዳራሹ ከዚህ በፊት የገባሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ያን እሑድ የሄድሁት ከአሥራ አራት ዓመት ልጄ ጋር ሲሆን፣ እርሱ የመጣው እናቱ ስላስገደደችው ነው። ባለቤቴ ሦስት ሙልሙል በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችን። ፍልሰታ ስለሆነ ከመንገድ የሚገዛ ነገር አይበላም፤ ሙልሙሉ ደግሞ የቡሄ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ተቋጠረ። ከላድብሮክ ግሮቭ በ52 ቁጥር አውቶቡስ ሄድን።

ሰልፉ ከአዳራሹ ደቡብ በኩል ባለው ሰፊ ደረጃ ላይ ወርዶ ወርዶ ታች ደርሷል። ከፊታችን ተጣጣፊ በርጩማ ይዘው የመጡ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ነበሩ። በየበጋው እየተመላለሱ ጸጉራቸው እዚያ ደረጃ ላይ ሸብቷል ማለት ይቻላል። ከኋላችን የቬንዙዌላን ባንዲራ ትከሻቸው ላይ የደረቡ ሴቶች ይዘፍናሉ። ሽማግሌው ጫማዬን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ልክ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያን ጫማዬን እንዳጠለቅሁ ነው የመጣሁት፤ ቆዳው አዲስ ነው። ሦስት ሰዓት ለመቆም የሚሄድ ሰው ከዚህ ጽሑፍ ሌላ ነገር ባያስታውስ እንኳ አሮጌ ጫማ ማድረግን ያስታውስ።

ከውስጥ አዳራሹ እንደ ሰፌድ ክብ ነው። ጣሪያው ላይ ትልልቅ እንጉዳይ የሚመስሉ ነገሮች ተንጠልጥለዋል፤ በ1969 የተሰቀሉት የገደል ማሚቶውን ለመግታት ነው። ከዚያ በፊት በዚህ አዳራሽ አንድ የሙዚቃ ደራሲ ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሰማል እየተባለ ይቀለድ ነበር። ከመድረኩ ጀርባ 9,999 ቧንቧ ያለው ኦርጋን ቆሟል፤ ከፊቱ የሄንሪ ዉድ የነሐስ ጭንቅላት። አዳራሹ የተከፈተው በ1871 ነው፤ መቅደላ በተዘረፈች በሦስተኛው ዓመት። ከመቅደላ የተወሰደው የወርቅ ዘውድ ያለበት ሙዚየም ከዚያ በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። በዚያ ሰፈር ባለፍሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል። ለልጄም ነገርሁት፤ «አባዬ፣ ዛሬ እንኳ ተወው» አለኝ። ተውሁት።

ከዚያ ልጆቹ መግባት ጀመሩ፤ መግባታቸውም አላልቅ አለ። ቫዮሊኖቹ ሞልተው ሲያበቁ ሌላ ቫዮሊን ይመጣል። ደብል ባሶቹ እንደ ጫካ ቆሙ። ልጄ እስከ መቶ ሃያ ቆጥሮ ተወው፤ ሁለት መቶ ገደማ ናቸው። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። አንዳንዶቹ ጢም ያላበቀሉ ናቸው፤ ሌሎቹ ሃያዎቹን የጀመሩ።

የመጡበትን ቤት ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ በ1975 ሆሴ አንቶኒዮ አብሬዩ የተባለ ኢኮኖሚስትም ሙዚቀኛም የሆነ ሰው ካራካስ ውስጥ አንድ የመኪና ማቆሚያ ቤት ላይ አሥራ አንድ ልጆች ሰብስቦ ልምምድ ጀመረ። ዛሬ ኤል ሲስቴማ እየተባለ የሚጠራው ይኸው ነው፤ በ2007 ሩብ ሚሊዮን ገደማ ልጆች ይማሩበት ነበር ይባላል፤ አብዛኞቹ ከደሃ ቤት የወጡ ናቸው። መሣሪያ በነፃ ይሰጣቸዋል፤ ከትምህርት ቤት ሲወጡ በየቀኑ ይለማመዳሉ። አንድ ደብል ባስ ተጫዋች ከዚህ ወጥቶ ገና በአሥራ ሰባት ዓመቱ በርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ገብቷል። ያን ማታ የመራቸው ጉስታቮ ዱዳሜልም የዚሁ ቤት ልጅ ነው፤ የባርኪሲሜቶ ተወላጅ፣ የትሮምቦን ተጫዋች ልጅ። በ2004 ጀርመን ባምበርግ ላይ በሙዚቃ ደራሲው ማህለር ስም የተሰየመውን የኦርኬስትራ መሪዎች ውድድር አሸነፈ፤ በኤፕሪል 2007 ደግሞ ከ2009 ጀምሮ የሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ የሙዚቃ ዳይሬክተር እንደሚሆን ተነገረ። ያኔ ዕድሜው ሃያ ስድስት ነበር።

ይህን ስሰማ የሚደንቀኝ አዲስነቱ አይደለም። ራስ ተፈሪ በ1924 ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች አዲስ አበባ አምጥተው የነፋስ መሣሪያ አስይዘዋቸዋል። አርባ ልጆች የሚባሉት እነርሱ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሰ። እኛ ሐሳቡን ከአብሬዩ ሃምሳ ዓመት ቀድመን ይዘነው ነበር። አርባው አራት መቶ፣ አራት መቶው አራት ሺህ ያልሆነበትን ምክንያት ማንሣት ግን ከዚህ ጽሑፍ ያስወጣኛል።

ለመክፈቻ የመረጡት ሥራ የልጅ ሥራ አይደለም። የሶቪየቱ የሙዚቃ ደራሲ የሾስታኮቪች አሥረኛው ሲምፎኒ ነው፤ ሃምሳ ደቂቃ ያልፋል። ሾስታኮቪች በ1948 በኮሚኒስት ፓርቲው ተወግዞ ከማስተማር ሥራው ተባረረ። ከዘጠነኛው በኋላ ስምንት ዓመት ሲምፎኒ አላሰማም። ስታሊን በማርች 1953 ሞተ፤ አሥረኛው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሌኒንግራድ ላይ ተሰማ። ይህን የማውቀው መጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። በልጅነቴ ክላርኔት ተጫዋች ነበርሁ፤ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣ መምህር ነበረን፤ በሩን ዘግቶ ይህን ሲምፎኒ በካሴት ያሰማን ነበር። ለምን እንደሚዘጋው ያኔ አልገባኝም።

መጀመሪያ ቼሎና ደብል ባስ ብቻ ናቸው፤ ከታች፣ ከጨለማ፣ ሌሊት በር ላይ ቆሞ እንደሚተነፍስ ሰው። ያ ሁሉ ደብል ባስ በአንድነት ቀስ ብሎ ሲጫወት ድምፁን በጆሮዬ ብቻ ሳይሆን በአዲሱ ጫማዬ ሶል በኩልም ሰማሁት። ቀጥሎ ክላርኔቱ ብቻውን ይገባል። ያን ቦታ አውቀዋለሁ። ኖታዎቹ ከባድ አይደሉም፤ የአንድ ዓመት ተማሪም ጣቱን ያደርሳቸዋል። ከባዱ ምንም ሳይጨምሩ መጫወት ነው። ትንሽ ከገፋኸው ያለቅሳል፤ ትንሽ ከለቀቅኸው ይሞታል። ልጁ ሃያ ዓመት የሞላው አይመስልም። ትንፋሽ ሲስብ ትከሻው ከፍ ሲል አየሁና ፈራሁለት፤ ትከሻ ከፍ ካለ ትንፋሹ ከሆድ አልመጣም ማለት ነው። ግን ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ሐረጉን እስከ መጨረሻው ወሰደና አስቀመጠው፤ ስኒ ጠረጴዛ ላይ ድምፅ ሳያሰሙ እንደማስቀመጥ።

መሪው ስለ ጸጉሩና ስለ መዝለሉ ብዙ ተጽፎለታል። እኔ ዓይኔን የጣልሁት ግራ እጁ ላይ ነው። ሁለት መቶ ልጅ ጮክ ብሎ ማስጫወት ቀላል ነው፤ ሁለት መቶ ልጅ ዝም ማሰኘት ነው ሙያው። መዳፉን ወደ ታች አድርጎ ሲይዝ ያ ሁሉ ባለ ክር መሣሪያ ወደ ሹክሹክታ ይወርድ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ሁለት ፒኮሎ፣ ትንንሾቹ ዋሽንቶች፣ ብቻ ቀርተውት ሲያልቅ አጠገቤ ያለ ሰው ሲውጥ ጉሮሮው ተሰማኝ።

ሁለተኛው ክፍል አራት ደቂቃ ገደማ ነው፤ የስታሊን ምስል ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም የሚሉም አሉ። ታምቡሩ ይቀጠቅጣል፤ ቀስቶቹ ሁሉ በአንድ ፍጥነት ይወጣሉ ይወርዳሉ። እዚህ ላይ ነቀፋዬን ላስቀምጥ። ለዚህ ፍጥነት ኦርኬስትራው በዝቷል። እንጉዳዮቹ ቢሰቀሉም በዚህ አዳራሽ ውስጥ የታምቡር ምት እየተደራረበ ይደፈርሳል፤ ያን ያህል ቫዮሊን ሲጨመርበት ደግሞ ከእንጨት የሆኑት የትንፋሽ መሣሪያዎች ጭራሽ ተዋጡ። ኦቦዎቹ ሲነፉ አየሁ፤ አልሰማኋቸውም። ከሁለት መቶው ስልሳውን ወጥታችሁ አረፍ በሉ ቢላቸው ኖሮ ቁጣው የበለጠ ይሳል ነበር። ይህን ስል ግን ልጄን ልደብቅ አልችልም፤ አፉን ከፍቶ ነበር። «አባዬ፣ ይህ ክላሲካል ነው?» አለኝ ሲያልቅ። ነው አልሁት።

በሦስተኛው ክፍል ደራሲው ስሙን ይጽፋል። በጀርመኖች የኖታ አጠራር የስሙ ፊደላት ሬ፣ ሚ ቤሞል፣ ዶ፣ ሲ ይሆናሉ። አራቱ ድምፆች ተሸሽገው ይገባሉ፤ ከዚያ እየደፈሩ ይሄዳሉ። በመካከል ሆርኑ ብቻውን ይጣራል፤ ያም የኤልሚራ ናዚሮቫ፣ የተማሪው፣ ስም ነው። አሥራ ሁለት ጊዜ ይጣራል። ሆርን የያዘው ልጅ አሥራ ሁለቱንም ጊዜ በልዩ ልዩ ርቀት እንዳለ አድርጎ ጠራት፤ አንዴ ከተራራ ማዶ፣ አንዴ ከጓዳ። በመጨረሻው ክፍል ያ አራት ድምፅ ያለው ስም ትልልቆቹ ከበሮዎች ላይ ወጥቶ ይደበደባል። የሞተውን ሰውዬ መቃብር እየደበደበ አለሁ እንደሚል ሰው ነው። አምስት ፓውንዴ እዚህ ላይ ተከፍሎ አልቋል። ከዚህ በኋላ ያለው ምርቃት ነው።

በዕረፍቱ ሰዓት አንዱን ሙልሙል ለሁለት ተካፈልን። አንዱን በሰልፉ ላይ በልተን ነበርና አንድ ቀረ። እግሬን ከጫማው አውጥቼ በካልሲ ቆምሁ፤ ማንም አላየኝም።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የአሜሪካኖቹ፣ የሰሜኑም የደቡቡም ነው። የበርንስታይን ሲምፎኒያዊ ጭፈራዎች ተጫወቱ፤ ልጆቹ በመካከል «ማምቦ!» ብለው መጮህ አለባቸው፤ ጮኹ፤ አዳራሹ ደነገጠ። በደንብ የያዙት ነገር ነው፤ ብዙ አልልበትም።

የሜክሲኮው አርቱሮ ማርኬስ ዳንሶን ቁጥር 2 ግን ሌላ ነው። የሚጀምረው እንደገና በክላርኔት ነው። ከክላርኔቱ ሥር አንድ ልጅ ሁለት አጫጭር እንጨቶች ያጋጫል፤ ሌላ ከበሮ የለም ማለት ይቻላል። ቀጭን፣ ደረቅ፣ ሰዓቱን የሚጠብቅ ድምፅ። እኔ ያደግሁት ደሴ ነው። ቡሄ ሲደርስ ጅራፉን ትተን ዱላ ይዘን ስንዞር፣ አውጪው ሲያወጣ እኛ መሬቱን በዱላ ስንመታ፣ ዘፈኑን የሚይዘው የእኛ ጉሮሮ ሳይሆን ያ ዱላ ነበር። ዱላው ከተዛባ ሆያ ሆዬው ይፈርሳል፤ ሙልሙልም የለ። እንጨት አጋጪው ልጅ ፊቱ ላይ የነበረው ያ ነው፤ ማንም እንደማያየው ያውቃል፤ ካጠፋ ግን ሁለት መቶው በሙሉ እንደሚወድቅ ያውቃል። ክላርኔቱ በዚህኛው ትከሻውን አላነሣም። እየሳቀ ሊሆን ይችላል፤ በአፍ ውስጥ መሣሪያ ይዞ መሳቅ አይቻልም እንጂ።

የአርጀንቲናው ጂናስቴራ «እስታንሲያ» ከተባለው ባሌት የተወሰዱ ጭፈራዎችም ነበሩ። ከዚህ ጀምሮ ጆሮዬ ደከመ። ደስታ ሲበዛ ይመሳሰላል።

እንግዲህ ጃኬቶቹ። መብራቱ ጠፋ። ሲበራ ሁለት መቶው በሙሉ ቢጫ፣ ሰማያዊና ቀይ ጃኬት ለብሰዋል፤ የባንዲራቸው ቀለም፣ ከነኮከቦቹ። ማምቦው እንደገና መጣ። ቆሙ፤ ተቀመጡ፤ ቫዮሊኑን ከራሳቸው በላይ አሽከረከሩት፤ ደብል ባሶቹን እንደ እንዝርት አዞሯቸው፤ ጨፈሩ። ሕዝቡ ጨፈረ። በርጩማ ይዘው የመጡት ሽማግሌ ዘለሉ፤ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። በመጨረሻ ጃኬቶቹን እያወለቁ ወደ ሕዝቡ ወረወሯቸው። አንዱ ከእኛ ሁለት እርምጃ ላይ ወደቀ፤ አንድ ረጅም ወጣት ቀደመን። ልጄ እስካሁን ይቆጨዋል።

እኔ አጨበጨብሁ፤ አልዋሽም። ሆኖም ባንዲራ የለበሰ ሙዚቀኛ ባየሁ ቁጥር ደረቴ ላይ የሚቀመጥ ነገር አለ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. አሥረኛው የአብዮት በዓል ሲከበር እኔ አብዮት አደባባይ ላይ ክላርኔት ይዤ ሰልፍ ውስጥ ነበርሁ። ወራት ሙሉ ተለማምደናል፤ አንድ እርምጃ እንኳ አልተዛባም። አዲስ የደንብ ልብስ ተሰፍቶልን ነበር፤ ያማረ ልብስ ነው። ያኔ ወሎ በረሃብ እያለቀ ነው። አክስቴ ደሴ ነበረች። ማርሹ ያምር ነበር፤ እኔም በደንብ ነበር የተጫወትሁት፤ የሚያመኝ ይኸው ነው። መምህራችን በሩን ዘግቶ ሾስታኮቪችን ያሰማን ለምን እንደነበር የገባኝ ያን ሰሞን ነው።

ቬንዙዌላ ኢትዮጵያ አይደለችም፤ ልጆቹም እኔ አይደሉም። ለእነርሱ ጃኬቱ እናታቸው ቤት ሊሆን ይችላል። መንግሥታቸው ገንዘቡን ስለሚሰጥ ባንዲራው የአገሩ ይሁን የመንግሥቱ እኔ ከአሪናው ወለል ላይ ልለየው አልችልም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ጋዜጣው ሁሉ ጃኬቱን ይጽፋል፤ እኔ ይዤው የሄድሁት ግን ጥቁር ልብስ ለብሰው የተጫወቱትን ነው። በአንድ ጨካኝ ሰው ሞት ማግስት የተሰማን ሙዚቃ ያን ያህል ያወቀ ልጅ ጃኬቱን ማን እንደሰፋለት አንድ ቀን ይጠይቅ ይሆናል።

ነጥብ ስጥ ብባል ለመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከአሥር ዘጠኝ፣ ለሁለተኛው ሰባት፣ ለጫማዬ ዜሮ። ያን ዓመት ፌስቲቫሉ እስከ ሴፕቴምበር 8 ቀጥሎ ነበር፤ ሁለት ሺህ ዓመትን ለመቀበል ሽር ጉድ ስንል፣ እንቁጣጣሽ አራት ቀን ሲቀረው አበቃ ማለት ነው። እናንተም በፕሮምስ ሰሞን አንድ ማታ ቁሙ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ አሪናው ውስጥ አጭር ሰው ከፊት እንዲቆም ይተዉለታል።

ስንወጣ የሙዚቀኞቹ በር አካባቢ ሰው ተሰብስቧል። አውቶቡሶች ቆመዋል፤ ልጆቹ የመሣሪያ ሣጥን ተሸክመው እየተጯጯሁ ይወጣሉ። የምፈልገው ክላርኔቱን ነበር፤ አላገኘሁትም። ሸሚዙ በላብ የተጣበቀበት አንድ የደብል ባስ ልጅ መጣና አጠገባችን ቆሞ ጓደኞቹን ይጠብቅ ጀመር። ስፓኒሽ አልችልም፤ እርሱም እንግሊዝኛው «ሄሎ» ላይ ያበቃል። ልጄ እጄን ጎተተኝ፤ «አባዬ፣ እንዳታደርገው፣ አፍራለሁ» አለኝ። በቡሄ ሆ ብሎ ለጨፈረ ልጅ ምን እንደሚሰጥ እኔ አውቃለሁ፤ ጨርቁን ፈታሁና ሦስተኛውን ሙልሙል ዘረጋሁለት። አሸተተው። ለሦስት ቆርሶ ለሁለት ጓደኞቹ አካፈለና እያላመጠ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ ስሙን መሆን አለበት።

«ቡሄ» አልሁት።

«ቡሄ» አለ፤ ልክ አድርጎ።